ከአሜሪካ የመጣውን ክኒን ለፋይናል ልውሰደው ወይ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የዶርም ጓደኛህ ዘመዶቹ ከአሜሪካ ከላኩለት አደራል ላይ አካፍሎሃል። ፋይናል ደርሷል። ደብተር ስትገልጥ ሐሳብህ አልሰበሰብ ብሎሃል። እኔ ደሴ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ይሄን የሚጠይቁኝ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። መልሴ አትውሰደው ነው። ምክንያቴን ግን ስማኝ።

አደራል አምፌታሚን የሚባል አነቃቂ መድኃኒት ነው፤ በዋናነት የሚታዘዘው ኤዲኤችዲ ለሚባለው፣ ሐሳብ ለመሰብሰብና ረግቶ ለመቀመጥ ለሚያስቸግር ሕመም ነው። ወሎ ውስጥ ለኖረ ሰው ስሜቱ እንግዳ አይደለም፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። መርቅኖ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ የሚያድር ልጅ መቼም አይተሃል። የነካው ሁሉ የገባው ይመስለዋል። ፈተናው ላይ ሲቀመጥ ግን ግማሹ የለም። ክኒኑም ሕመሙ ለሌለበት ሰው የሚሰጠው በአብዛኛው ይህንኑ ነው፦ ንቃትና «ችያለሁ» የሚል ስሜት።

ይህን የምለው ከግምት ተነስቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 40 ጤነኛ ሰዎችን ፈትነው ነበር። ለዚሁ ሕመም የሚታዘዘውንና ሪታሊን በሚል ስም የምናውቀውን ሜቲልፌኒዴትን ጨምሮ ሦስት ዓይነት መድኃኒትና ባዶ ክኒን በየተራ ሰጧቸው። ከዚያ ከባድ የስሌት እንቆቅልሽ አቀረቡላቸው። መድኃኒቱን ሲወስዱ ብዙ ለፉ፣ ረጅም ጊዜም ወሰዱ፤ የልፋታቸው ጥራት ግን ወረደ። ላንተ ለኢንጂነሪንግ ተማሪው ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን መደራረቡ ነው። ተማሪው ክኒኑን ይውጣል፣ በላዩ ላይ ይቅማል። ሁለቱም የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራሉ፤ ሁለቱም የምግብ ፍላጎት ይዘጋሉ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲል ደግሞ ጨብሲ ይከተላል። ያነበብከው ጭንቅላትህ ውስጥ የሚረጋው ስትተኛ ነው፤ እንቅልፍህን ከሸጥክ ንባብህንም አብረህ ሸጠኸዋል።

አሁን ሌላውን ወገን ልንገርህ። ኤዲኤችዲ እውነተኛ ሕመም ነው፤ «የፈረንጅ ቅንጦት» ሲባል ስሰማ እናደዳለሁ። የማውቀው አንድ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ቀዥቃዣ»፣ «ልቡ የማይገኝ» እየተባለ ሲገረፍ ነው ያደገው። ዛሬ መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ ይወስዳል። በትንሽ መጠን ነው ያስጀመሩት፤ ግፊቱና ክብደቱ ይለካል። ምርቃና የሚባል ነገር አላየም። የጀመረውን ሥራ መጨረስ ቻለ፣ በቃ። መድኃኒቱ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ እናቱ ፍለጋ ሲንከራተቱ አይቻለሁ። ጓደኛህም ሕመሙ ካለበት፣ የሚያድላችሁ ነገ ራሱ የሚቸገርበትን ነው።

ስለዚህ ወደኋላ ተመልሰህ ራስህን ጠይቅ። ይህ ችግር ከ12 ዓመትህ በፊት ጀምሮ ነበረብህ? ቤትም ትምህርት ቤትም? እናትህ ምን ትላለች? መልስህ አዎ ከሆነ ደሴ ሪፈራል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂድና ተመርመር፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ችግሩ የመጣው በዚህ ሴሚስተር ከሆነ ግን እንቅልፍህን፣ ጫቱን፣ ጭንቀትህን ነው ቀድመህ የምታየው። ለፋይናሉም አብሽር፤ ጊዜ አለህ። ከጓደኞችህ ጋር ቀን ቀን ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሥሩ፣ ማታ ተኛ።

ክኒኑን ለባለቤቱ መልስ፤ ለሌላ ተማሪ እንዳትሰጥ። ከወሰድክም ዛሬ ጫት እንዳትነካ። ደረትህን ከወጋህ፣ ልብህ አለቅጥ ከመታ ወይም የሌለ ነገር ከታየህ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂድ። የወሰድከውን ስሙን ጠርተህ፣ ሳትደብቅ ንገራቸው፤ የሚሰጡህ ሕክምና በሱ ላይ ይወሰናል።