ከጅዳ የሚላከው ፕሌይስቴሽን ሲዲ ማስገቢያ ይኑረው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። አብረን ያደግን አምስት ጓደኛሞች በየቤታችን ፕሌይስቴሽን 4 አለን። በየወሩ እንደ ዕቁብ ገንዘብ እናዋጣና ዕጣ የወጣለት ሰው የወደደውን የጌም ሲዲ ይገዛል፤ እሱ ከጠገበው በኋላ ሲዲው ለሁላችንም ይዞራል። አሁን ጅዳ ያለችው እህቴ ፕሌይስቴሽን 5 ልትልክልኝ ነው። ሱቅ ገብታ ስትጠይቅ ሲዲ ማስገቢያ ያለውና የሌለው እንዳለ፣ የሌለው ደግሞ በዋጋ እንደሚቀንስ ነገሯት። ሻጩ «አሁን ሲዲ የሚገዛ የለም፤ ሰው ሁሉ ከኢንተርኔት ነው የሚያወርደው» አላት። የትኛውን ትግዛልኝ? ከኢንተርኔት የገዛሁት ጌም እንደ ሲዲው የራሴ ነው ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ እህትዎ ከመግዛቷ በፊት ይደውሉላትና ሲዲ ማስገቢያ ያለውን እንድትመርጥ ይንገሯት። የጅዳው ሻጭ አልዋሸም፤ ኢንተርኔቱ ፈጣን በሆነበትና በባንክ ካርድ መክፈል ቀላል በሆነበት ከተማ ለሚኖር ደንበኛ ማውረዱ ይቀላል። ይህ ማሽን ግን የሚሠራው ደሴ ነው፤ የሚጫወቱበትም እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ አምስት ሰዎች ናችሁ።

አስቀድሞ የሚታየው እስከ ዛሬ ያጠራቀማችኋቸው ሲዲዎች ጉዳይ ነው። ሲዲ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 ከጥቂቶቹ በቀር የፕሌይስቴሽን 4 ሲዲዎችን ሁሉ ያጫውታል። ማስገቢያ የሌለው ግን እነዚያኑ ጌሞች እንደገና ከኢንተርኔት ካልገዟቸው በቀር አይከፍታቸውም። የዋጋ ልዩነቱም ሲያዩት የሚያጓጓውን ያህል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የመጀመሪያው ማስገቢያ አልባ ማሽን በ399 ዶላር፣ ባለ ማስገቢያው በ499 ዶላር ነበር የቀረቡት፤ ያኛው ማስገቢያ አልባ ማሽን በኋላ ማስገቢያ ሊጨመርለት አይችልም። በ2023 መጨረሻ በወጣው ቀጠን ያለ ማሽን ልዩነቱ ወደ 50 ዶላር ወረደ፤ ማስገቢያው ለብቻው ሊገዛና ሊገጠም ይችላል፣ ነገር ግን ለብቻው ሲሸጥ ዋጋው 80 ዶላር ገደማ ስለነበር ቆይቶ ለሚገዛው ሰው «የተቆጠበው» ገንዘብ ኪሳራ ሆነ። በዚያ ላይ ለብቻው የተገዛ ማስገቢያ መጀመሪያ ሲገጠም ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ መመዝገብ አለበት። በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ የተባለው ውድ ማሽንም ያለ ማስገቢያ ነው የሚሸጠው፤ ስለዚህ ዋጋው ከፍ ማለቱን ብቻ አይታ ማስገቢያ አለው ብላ እንዳትወስድ፣ በካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕልና ጽሑፍ በደንብ እንድትመለከት ይንገሯት።

የራሴ ነው ወይ ላሉት፣ የሲዲውንና የሚወርደውን ጌም አሠራር ለይቶ ማየት ይጠይቃል። ሲዲ ወደ ማሽኑ ሲገባ አብዛኛው የጌሙ ፋይል ወደ ውስጠኛው ማከማቻ ይገለበጣል፤ ያም ሆኖ ሲዲው እዚያው ካልገባ ጌሙ አይከፈትም። ማለትም ሲዲው ከተገለበጠ በኋላ የሚያገለግለው እንደ ቁልፍ ነው። የእናንተ ዕቁብ ሊሠራ የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፣ በአንድ ጊዜ የሚከፍተው ግን የያዘው ሰው ብቻ ነው። ማንም ሳይፈቅድላችሁ ታዋሱታላችሁ፣ ትለዋወጡታላችሁ፣ ሲሰለቻችሁ ፒያሳ ወስዳችሁ ትሸጡታላችሁ። ከኢንተርኔት የተገዛው ጌም ቁልፍ ደግሞ በገዢው አካውንት ላይ የተመዘገበ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ አይሸጥም፣ ለሌላ ሰው አካውንት አይዛወርም፤ ብዙ ሰው ሳያነበው «እስማማለሁ» ብሎ በሚያልፈው ውል ውስጥም ጌሙ የመጠቀም ፈቃድ የተሰጠበት እንጂ የተሸጠ እንዳልሆነ ተጽፏል። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ በ2024 ባወጣችውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ እንዲህ ያለ ሽያጭ የሚያካሂዱ መደብሮች «ግዛ» የሚለውን ቃል ሲጠቀሙ ደንበኛው የሚያገኘው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ እንዲነግሩት ያስገደደችው፣ ገዢው በዚህ ቃል ይታለላል ብላ ነው። እኔም እንደዚያው አምናለሁ፤ ደመወዙን ቆጥቦ ለከፈለ ሰው ምን እንደከፈለበት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ወደ ደሴ ስንመጣ ክፍያውም ማውረዱም የየራሳቸው ፈተና አላቸው። ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን መደብር አገልግሎት በይፋ ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ በመሆኑም እዚህ ያለ ተጫዋች አካውንት የሚከፍተው በሌላ አገር ስም ነው። በቴሌብር መክፈል አይቻልም። የስጦታ ካርድ ተገዝቶ ቢላክም ካርዱ የሚሠራው አካውንቱ ለተከፈተበት አገር ብቻ ስለሆነ፣ እህትዎ የምትገዛው የሳዑዲ ካርድ በአሜሪካ ስም በተከፈተ አካውንት ላይ አይሞላም። ዋጋው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ማንኛውም ነገር ምን ያህል እንደከበደ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

የማውረዱን ጊዜ በቁጥር እንየው። አንድ 50 ጊጋባይት የሚመዝን ጌም፣ ሳይቆራረጥ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር ለማውረድ 11 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ 100 ጊጋባይት የሚደርሰው ደግሞ 22 ሰዓት። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት፣ የጌሙ መጠን ግን በባይት ሲሆን፣ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ቤት ሆጤ ሄጄ ያየሁትን ልንገርዎ። ማታ ያስጀመረው ጌም ጠዋት 71 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ከጦሳ የወረደው ጉም መስኮቱን ሸፍኖት፣ ቡና ፈልቶ ሳይቀዳ መብራት ሄደ። ሲመለስ ማውረዱ ከቆመበት ቀጠለ እንጂ እንደገና አልጀመረም፤ ይህን ለማሽኑ ማመስገን ተገቢ ነው። ነገር ግን መቶኛው የሞላው በማግስቱ ማታ ነው፤ ወዳጄ ለወሩ የገዛው ፓኬጅም በዚያው አለቀ። ክልላችን ውስጥ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜም ሲዲ ያለው ሰው ሲዲውን አስገብቶ ይጫወት ነበር።

የወረደ ጌም ያለ ኢንተርኔት ጨርሶ አይሠራም ማለቴ ግን አይደለም። ጌሙ የተገዛበት አካውንት በራስዎ ማሽን ላይ ዋና ተብሎ ከተመዘገበ፣ በፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ ጌም መጋራትንና ከመስመር ውጭ መጫወትን የሚፈቅደው ቅንብር ከበራ፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይከፈታል። ይህን ቅንብር መስመሩ ሳለ ካላስተካከሉት፣ የተቋረጠ ዕለት ማሽኑ ፈቃዱን ማረጋገጥ ስለማይችል የከፈሉበትን ጌም ይዘጋብዎታል።

ሲዲም ቢሆን ሁልጊዜ ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ ይህን ደብቄዎት ሲዲ ይግዙ ብል ምክሬ ታማኝ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኮል ኦፍ ዱቲ ሞደርን ዋርፌር 2 ለፕሌይስቴሽን 5 በተሸጠው ሲዲ ላይ የነበረው ከ100 ሜጋባይት ያነሰ ፋይል ነው፤ የቀረውን ሁሉ ገዢው ከኢንተርኔት ማውረድ ነበረበት። በ2014 የወጣው ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ውድድር ጌም ደግሞ ብቻዎን ሲጫወቱት እንኳ ከጌሙ አምራች ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ጋር መገናኘት ያስፈልገው ስለነበር፣ ሰርቨሩ ማርች 31 ቀን 2024 ሲዘጋ ሲዲውን በመሳቢያው ያስቀመጠውም፣ በኢንተርኔት የገዛውም እኩል ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ስለዚህ ዕጣ የወጣለት ጓደኛችሁ ሲዲ ሊገዛ ሲሄድ፣ የካርቶኑን ጀርባ አንብቦ ጌሙን ለመጫወት ኢንተርኔት ግዴታ መሆኑንና አለመሆኑን ያረጋግጥ። ከታሪክ የምናውቀው ግን የመስመር ላይ መደብርም ራሱ እንደሚዘጋ ነው፤ ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ 3ዲኤስና ዊ ዩ የተሰኙ የጌም ማሽኖቹን መደብሮች ለአዲስ ግዢ የዘጋው በማርች 2023፣ ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ 360ን መደብር የዘጋው በጁላይ 2024 ነው። በሲዲ ወይም በካርድ የወጡት የእነዚህ ማሽኖች ጌሞች ዛሬም ከሰው እጅ ይገዛሉ፤ በመደብሩ ብቻ ይሸጡ ከነበሩት ብዙዎቹን ግን አዲስ ገዢ በሕጋዊ መንገድ የሚያገኝበት ቦታ የለም።

ማውረድ የሚሻልበት ጊዜ አለ። በሲዲ ጨርሶ የማይወጡ ትንንሽና ግሩም ጌሞች አሉ፤ መደብሩ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ በሚያደርገው ቅናሽም ቆየት ያለ ጌም ከግማሽ በታች ዋጋ ይገኛል። ድሮ ፔስ እያልን የምንጫወተው ኳስ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ኢፉትቦል ተብሎ በነፃ የሚወርድ ሆኗል። ባለ ማስገቢያው ማሽን ሁለቱንም መንገድ ክፍት ያደርግልዎታል፤ ማስገቢያ የሌለው አንዱን ይዘጋዋል።

ሲዲውን እህትዎ ከጅዳ በሰው ብትልክልዎ በማንኛውም አገር ማሽን ላይ ይሠራል። ተጨማሪ ይዘት መግዛት ከፈለጉ ግን ሲዲው ለተሸጠበት አካባቢ በሚስማማ አካውንት መሆን እንዳለበት አይርሱ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። ለ13 ዓመት ልጄ ከአንድ ሱቅ «አካውንት ያለው ኳስ» ተብሎ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ጌም አስጫንኩለት። ከሲዲው በግማሽ ዋጋ ስለነበር ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ በጌሙ ሥዕል ላይ የቁልፍ ምልክት ወጣና እንቢ አለ። ልጄ አበላሽቶት ይሆን ብዬ ተቆጣሁት።

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ምንም አላጠፋም፤ እባክዎ ይህን ዛሬውኑ ይንገሩት። የተሸጠልዎ ጌሙ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው ጌሙን በገዛበት አካውንት ላይ ያለው ተራ ነው። አንድ አካውንት ዋና ብሎ የሚመዘግበው አንድ ፕሌይስቴሽን 4 ብቻ ነው፤ የአካውንቱ ባለቤት ይህን ምዝገባ በርቀት ሰርዞ ወደ ሌላ ገዢ ማሽን ሊያዛውረው ይችላል፤ የይለፍ ቃሉንም ሊቀይር ይችላል። ያኔ የጌሙ ፋይል በልጅዎ ማሽን ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፣ ፈቃዱ ግን ስለሌለ የቁልፉ ምልክት ይወጣል። አካውንት መሸጥና ማከራየት በአገልግሎቱ ውል የተከለከለ ስለሆነ ለፕሌይስቴሽን ኩባንያ አቤት ማለት አይቻልም፤ ገንዘብዎን መጠየቅ ያለብዎት ሱቁን ነው። ደረሰኝ ባይኖርዎትም የከፈሉበት የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክት በስልክዎ ላይ ካለ ይዘው ይሂዱ።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ልጅዎ ይጫወት የነበረው በራሱ ስም በከፈተው ተጠቃሚ ከሆነ፣ ያስቀመጠው ጨዋታ አልጠፋም። ያንኑ ጌም ለተመሳሳይ አካባቢ በወጣ ሲዲ ከገዙለት ካቆመበት ይቀጥላል። የኳስ ጌም በየዓመቱ በሴፕቴምበር አካባቢ ስለሚታደስ፣ ያለፈው ዓመት ያገለገለ ሲዲ ዋጋው ብዙ ይቀንሳል፤ ለ13 ዓመት ልጅ እሱ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ያገለገለ ሲዲ ስገዛ ምን ልይ? የተጫረውንስ በጥርስ ሳሙና ማሸት ይጠቅማል?

መልስ፦ በጥርስ ሳሙና አይሹት። ይህ ዘዴ የመጣው ከድሮው የሙዚቃ ሲዲ ነው፤ በዚያ ላይ መረጃው ከአንባቢው ጨረር በኩል ከ1 ሚሊሜትር በላይ ውፍረት ካለው ፕላስቲክ ጀርባ ስለሚገኝ ላዩን ቢፋቅ ይታገሳል። የፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ሲዲ ብሉሬይ የሚባል ሌላ ዓይነት ነው፤ መረጃው ከገጹ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው ያለው፣ በላዩም ጭረት የሚከላከል ስስ ሽፋን አለ። ጥርስ ሳሙናው ያንን ሽፋን ይልጠዋል። ጥልቅ ጭረት መረጃው ላይ ከደረሰ በምንም አይመለስም።

ሲገዙ ሲዲውን ወደ ብርሃን ያዘንብሉት። ከመሐል ወደ ዳር የሄደ ቀጭን ጭረት ብዙ አያስፈራም፤ ዙሪያውን ተከትሎ የሄደው ነው የሚያስቸግረው። የተጻፈበትን ገጽና የመሐሉን ቀዳዳ ዙሪያም ይመልከቱ፣ ስንጥቅ ካለበት ይመልሱት። ከቻሉ ሱቁ ውስጥ ካለ ማሽን ገብቶ መገልበጡን እስኪጨርስ ይጠብቁ፤ መጀመሪያ ተከፍቶ መሐል ላይ የሚያቆም ሲዲ ብዙ ነው። ጣት ከነካው በለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ይጥረጉት፤ ዙሪያውን አያሽከርክሩት።