እንጨት አስቆርጣለሁ ማለት ለምን ያሳፍራል?

አንዲት ልጅ ሰሞኑን ጥያቄ ላከችልኝ። በደን ሙያ ተመርቃ ከጅማ ብዙም በማይርቅ፣ በሰው እጅ የተተከለ ደን ላይ ትሠራለች። የደረሰውን እንጨት አስለክታ ታስቆርጣለች። ሰው ምን ትሠሪያለሽ ሲላት ግን «አካባቢ ጥበቃ» ትላለች። «እውነቱን ስናገር ጨፍጫፊ ይሉኛል። ምን ልበል?» አለችኝ።

ይህን ሳነብ አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

ደርግ ወድቆ ብዙም ሳይቆይ ነው። እኔ ገና ጀማሪ ባለሙያ ነበርኩ። ከጅማ ወጣ ብሎ፣ መንገድ ዳር የነበረ የፈረንጅ ጥድ ደረሰና ቆረጥነው። የፈረንጅ ጥድ ለጣውላ ሲተከል ከ25 እስከ 30 ዓመት ይጠበቃል። ከዚያ ይቆረጣል፣ መሬቱ ይጸዳል፣ ክረምት ሲገባ እንደገና ይተከላል። ለእኛ ቡና እንደ መልቀም ያለ ነገር ነው። መንገደኛው ግን የሚያየው ሌላ ነው። ትናንት ጥላ የነበረው ኮረብታ ዛሬ ጉቶ ብቻ ሆኗል። ግንዲላው እየተንከባለለ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ይጫናል። የሙጫው ሽታ ከሩቅ ይጣራል።

ሽማግሌው ከብቶቻቸውን እየነዱ መጡ። ፀሐይ ሲበረታ የሚያሳርፏቸው እዚያ ጥላ ሥር ነበር። ቆም ብለው ዙሪያውን አዩ። ሰላም እንኳ ሳይሉን «ማን አስቆረጠው?» አሉ። አለቃዬ ደግ ሰው ነው፤ የቢሮ አማርኛ ግን ይወዳል። «አባቴ፣ ደኑ ለምርት ደርሷል» አላቸው።

«ለማን ነው የደረሰው?»

አለቃዬ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ሽማግሌው አንዱን ጉቶ በዱላቸው መታ መታ አደረጉና ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ገበያው ሁሉ «ደን ጠባቂዎቹ ራሳቸው ደኑን ሸጡት» ይል ጀመር።

ክረምት ሲገባ ተከልን። ደህና አድርገን ነው የተከልነው፤ የደረቀውንም ተካነው። እኚያን ሽማግሌ ወስጄ ላሳያቸው ፈልጌ መኪና ጠየቅሁ። ነዳጅ የለም ተባልኩ። በዓመቱም ጠየቅሁ፤ መልሱ ያው ነበር። ችግኙ ወገብ ሳይደርስ አረፉ። ስንቆርጥ አይተውናል፤ ስንተክል ግን አላዩንም። ሌቦች ናቸው እንዳሉን ነው የሄዱት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሚገርመው ጅማ እንጨት የሚወድ አገር ነው። ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሲወጣ ያየ ያውቃል። አክስቴ ቤት የነበረችው በርጩማ ከመቀመጥ ብዛት የተነሳ እንደ መስታወት ታበራ ነበር። ልጅ እንዳይቀመጥባት አክስቴ ከአልጋ ሥር ትደብቃት ነበር። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስናይም አናጺዎቹን እናደንቃለን። በርጩማውን ወዶ ቆራጩን መጥላት ከየት እንደመጣ እንጃ!

እንጃ ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም። ምክንያቱ ይታወቃል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ጣውላው ግን በሌሊት ሲወጣ ሕዝቡ ያያል። ለሰው ሌባውም እኛም መጋዝ የያዝን ሰዎች ነን። ስለዚህ «ስም ማጥፋት ነው» እያላችሁ አትሟገቱ። ስርቆቱ አለ በሉ። የእናንተ ሥራ ከዚያ በምን እንደሚለይ ቦታው ላይ አሳዩ።

የዛሬ ልጆች ነገሩን በፎቶ መጨረስ ትወዳላችሁ። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ ይዞ ፎቶ ያልተነሳ ያለ አይመስለኝም። ፍየል ሲበላው ግን ማንም የለም። የእኛም ትውልድ ቢሆን የተሻለ አልነበረም፤ ካሜራ ስላልነበረን ነው።

ፖስተርና ማስታወቂያ የሰውን ልብ ሲያዞር አላየሁም። ሲያዞር ያየሁት በጅማ ዞን ባለው በበለጠ ጌራ ደን ነው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በጃፓን መንግሥት የልማት ድርጅት በጃይካ ድጋፍ ሥራ ተጀመረ። ነዋሪው ዋቡብ በሚባል ማኅበር ተደራጅቶ ደኑን ከመንግሥት ጋር በውል ማስተዳደር ያዘ። የጫካ ቡናው ደን ሳይጎዳ መመረቱን የሚመሰክር፣ ሬይንፎረስት አሊያንስ የተባለ ድርጅት ማረጋገጫ አግኝቶ ተሸጠ። ከደኑ የሚያገኘው ነገር ያለው ሰው «ለማን ነው የደረሰው?» ብሎ አይጠይቅም። ችግር የለም ማለቴ አይደለም። ወጣቱ መሬት ይፈልጋል፣ ቡናውም ሲሰፋ ደኑን ያሳሳል። ቢሆንም ደኑን «የእኛ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ «እንጨት አስቆርጣለሁ፣ መልሼም አስተክላለሁ» በይ። ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ቅድም አሳዩ ያልኩት ለዘመድ ሳይሆን ለአካባቢው ሰው ነው። መጋዙ ከመነሳቱ በፊት ቀበሌውንም መስጊዱንም አሳውቁ። በአፋን ኦሮሞ ይሁን፤ ያለ ቢሮ ቋንቋ። የትኛው እንደሚቆረጥ፣ መቼ እንደሚተከል ይስሙ። ሴቶቹ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ስለ አየር ንብረት አይደለም። ቅርንጫፉንና ጫፉን ለማገዶ ማን ይወስዳል ነው የሚሉት። የዚህን መልስ ሳትይዙ አንድም ዛፍ አታስጥሉ።