ኮለሙን ከመውቀሳችሁ በፊት ዳዶውን እዩ

ልጆች፣ ይህን የምጽፈው በመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር፣ በምግብ ምርመራ ወይም በዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ኤችፒኤልሲ (ናሙና ውስጥ ያሉትን ነገሮች በፈሳሽ ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ላይ መሥራት ለጀመራችሁ ነው። ጉዳዬ አንድ ሚሊ ሜትር ናት። ቱቦውና ኮለሙ (ናሙናው የሚለያይበት፣ ውስጡ የታጨቀ ሲሊንደር) የሚገናኙባት ቦታ።

ብዙ ጊዜ የማየው ይሄ ነው። ፒኩ፣ ማለትም መሣሪያው ለእያንዳንዱ ነገር የሚሥለው ጉብታ፣ ወደ ኋላ ተጎትቶ ጅራት ያወጣል። ወጣቱ መጀመሪያ ሞባይል ፌዙን (ናሙናውን ይዞ የሚሄደውን ፈሳሽ) ይቀይራል። ቀጥሎ ፒኤቹን ይነካካል። አልሆን ሲለው "ኮለሙ አልቆለታል" ብሎ ይፈርድና አዲስ ይጠይቃል። አዲስ ኮለም ደግሞ እኛ አገር በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው፤ እስኪፈቀድና እስኪገባ ሥራው ቆሞ ይጠብቃል። መጥቶ ሲገጠም ጅራቱ ንቅንቅ አላለም። እንዴት ይበል? የተገጠመው በዚያው ቱቦና በዚያው ዳዶ ነዋ።

የብረት ቱቦው የውጭ ስፋቱ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጫፉ አካባቢ ዳዶና ፈሩል ይገባሉ። ፈሩል ትንሿ ሾጣጣ ቀለበት ናት። ዳዶው ሲጠብቅ የብረቱ ፈሩል ቱቦውን ነክሶ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ከፈሩሉ አልፎ የሚወጣው የቱቦ ጫፍ ርዝመትም ያን ጊዜ ይወሰናል። ጣጣው፣ የኮለም አምራቾች በዚህ ርዝመት አለመስማማታቸው ነው። በዋተርስ አሠራር 3.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በፓርከር 2.3።

ለ2.3 የተነከሰ ቱቦ 3.3 ጥልቀት ያለው ኮለም ላይ ሲገጠም ምንም አያፈስም። ፕሬሸሩም ደህና ነው። የሚያታልለውም ይሄው ነው። ከቱቦው ጫፍ ፊት ግን 1 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ ቀርቷል፤ ሲሰላ ወደ 2 ማይክሮ ሊትር። በቀጭን ቦይ የመጣ የመስኖ ውሃ ኩሬ ሲያገኝ እንደሚሆነው፣ ናሙናው እዚያ ይሽከረከራል፣ ይደባለቃል፣ ቀስ እያለ ይወጣል። ጅራቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ጫፉ ረጅም ከሆነ ቱቦው ቀድሞ ወለሉን ይነካል፤ ፈሩሉ ቦታው አይደርስም፤ ያንጠባጥባል። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል። ግን በጉልበት ልታሸንፉት አትሞክሩ። ጥርሱ ይበላል እንጂ ፍሳሹ አይቆምም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ክሮማቶግራሙ (ፒኮቹ የሚታዩበት ግራፍ) ራሱ ይናገራል። ሁሉም ፒኮች ጅራት ካወጡ፣ በተለይም ቀድመው የሚወጡት ከኋለኞቹ ይልቅ ከተበላሹ፣ ማያያዣውን ጠርጥሩ። የቀደሙት ፒኮች ጠባብ ስለሆኑ ትንሽ ባዶ ቦታ ብዙ ይጎዳቸዋል። ቤዝ የሆኑት መድኃኒቶች ብቻ ጅራት ካወጡ ግን ነገሩ የኬሚስትሪ ነው፤ ያኔ ፒኤቹን ንኩ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ በኮለሙ መግቢያ ላይ በእጅ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ማያያዣ ሞክሩ። እሱ ቱቦውን ለዘለቄታው ስለማይነክስ ጥልቀቱን እንደየኮለሙ ያስተካክላል። ፒኩ ከተስተካከለ መልሱን አገኛችሁ። ፕላስቲኩም ግን ልክ አለው። ወደ 400 ባር ሲጠጋ ብዙዎቹ ቱቦውን መያዝ ያቅታቸዋል፤ ቱቦው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ያው ክፍተት ተመልሶ ይመጣል።

አገጣጠሙ ላይ እንምጣ። ቱቦው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይሁን፤ በፒንሳ የተቆረጠ ጫፍ አይሆንም። መጀመሪያ ዳዶው፣ ቀጥሎ ፈሩሉ ይገባል፤ የፈሩሉ ቀጭን ጫፍ ወደ ኮለሙ ይዙር። ከዚያ ቱቦውን ወለሉን እስኪነካ ግፉት፤ ዳዶውን እያጠበቃችሁም ግፊቱን አትልቀቁ። ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በጣት ከጠበቀ በኋላ ለአዲስ የብረት ፈሩል ሦስት አራተኛ ዙር ገደማ ይበቃል፤ ቀድሞ ለተነከሰው ሩብ ዙር። ሁለት መፍቻ ያዙ፤ አንዱ ዳዶውን ያዙር፣ ሌላው የኮለሙን ራስ ይያዝ። ራሱ አብሮ ከዞረና ከላላ ውስጡ የታጨቀው ነገር ይናጋል።

ኮለሙ ላይ ያለችውን የፍሰት ቀስት እዩ። ኮለሙን ከመግጠማችሁ በፊት ፓምፑን ፐርጅ አድርጉ (ውስጡ ያለውን አየር በፈሳሽ አስወጡ)። ኮለሙ የመጣው በአሴቶናይትራይል ተሞልቶ ከሆነ ፎስፌት በፈር (ፒኤቹን የሚጠብቅ ጨው የሟሟበት ፈሳሽ) በቀጥታ አትላኩበት፤ ጨው ይሠራና ይደፍነዋል። መጀመሪያ ውሃና ሜታኖል ግማሽ በግማሽ አሳልፉበት። ፍሰቱን ከ0.2 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። መውጫውን ዲቴክተሩ (የሚወጣውን የሚለካው ክፍል) ላይ ወዲያው አትግጠሙ፤ መጀመሪያ ወደ ቢከር ይፍሰስ። ለ150 በ4.6 ሚሊ ሜትር ኮለም 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ካለፈበት በኋላ ይገጠም። መብራት ሄዶ በፈር ውስጡ ከቆመም መጀመሪያ በውሃ የበዛበት ቅልቅል ይታጠብ።

ፍሳሽ ስትፈልጉ ጠብታ ብቻ አትጠብቁ። በሞቀው የኮለም ሳጥን ውስጥ ሶልቬንቱ (ማሟሚያው ፈሳሽ) ሳይንጠባጠብ ይተናል። ደረቅ ሶፍት አስነኩት። ዳዶው ዙሪያ ነጭ ጨው ካያችሁ በፈሩ ሲያፈስ ቆይቷል። ለማጥበቅ ከፈለጋችሁ ፓምፑን አቁሙና ፕሬሸሩ ዜሮ እስኪሆን ጠብቁ።

ኮለሙን ስታወርዱ ሁለቱንም ጫፎች በክዳናቸው ዝጉ። የብረት ፈሩል የነከሰው ቱቦ ለዚያ ኮለም ብቻ የተሰፋ ነው፤ እንዳይቀላቀል ከነዳዶው አብሮት ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ። በምን ሶልቬንት እንደተቀመጠም ሳጥኑ ላይ ጻፉበት፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚገጥመው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።