በእግዚአብሔር ደስ እያለኝ የልቤ መሻት ለምን ዘገየ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መዝሙር 37፥4 «በእግዚአብሔር ደስ ይበልህ፥ የልብህንም መሻት ይሰጥሃል» ይላል። እኔ 6 ዓመት ሙሉ ትዳር እንዲሰጠኝ ጸለይኩ፣ ጾምኩ። አልሆነም። የጓደኞቼ ሰርግ ላይ ኬክ ሳይቆረስ ሹልክ ብዬ እወጣለሁ። በእግዚአብሔር ደስ መሰኘት ስለጎደለኝ ነው? ወይስ ምኞቴን ከልቤ ነቅዬ መጣል አለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያ ሹልክ የምትይበት ሰዓት ልቤን ነካው።

ከሁሉ በፊት፣ ትዳር መፈለግ ኃጢአት አይደለም። ሰው ብቻውን ይሆን ዘንድ መልካም አይደለም ያለው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ስለዚህ ነቅለሽ የምትጥይው ነገር የለም።

ጥቅሱን ግን ብዙዎቻችን እንደ ውል ነው የምናነበው። እኔ ደስ ይለኛል፣ እሱ የፈለግኩትን ይሰጠኛል። እንዲህ ከሆነ ደስ ያለን በስጦታው ነው እንጂ በሰጪው አይደለም። ስጦታው ሲዘገይ ደስታውም አብሮ ይጠፋል። በዚህ መንገድ ተሰብኮላቸው የቆሰሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

እስቲ መዝሙሩን ከላይ ጀምረሽ አንብቢው። (በግዕዙ ዳዊት 36ኛው ነው።) የሚጀምረው አትቅና ብሎ ነው። ክፉ ሰው ሲሳካለት እያየ ሆዱ ለሚያርር ሰው የተጻፈ ነው። ያንቺ ጓደኞች ክፉዎች አይደሉም፤ የሆድ ማረሩ ግን ያው ነው። ቁጥር 25 ላይ ደግሞ ዳዊት ማርጀቱን ይነግረናል። ብዙ ያየ ሽማግሌ ነው የሚመክርሽ።

ይህ ሽማግሌ ራሱ የልቡን መሻት ተከልክሏል። ለታቦቱ ማረፊያ ቤት መሥራት ይፈልግ ነበር። እግዚአብሔር ግን «አንተ አትሠራም፣ ልጅህ ይሠራዋል» አለው። እኔ ብሆን ምናልባት አኩርፌ እቀመጥ ነበር። ዳዊት ምን አደረገ? 1ኛ ዜና መዋዕል 29 ላይ አለልሽ። ከራሱ ሀብት 3,000 መክሊት ወርቅና 7,000 መክሊት ብር አውጥቶ ሌላ ሰው ለሚሠራው ቤት ሰጠ። ሕዝቡም ተከትሎት ሲሰጥ ንጉሡ እጅግ ደስ አለው። መሻቱ አልሞተም። «እኔ ልሥራ» የሚለው ወደቀ፣ «ይሠራ» የሚለው ቀረ። ይህን የሚያደርገው ጥርስን ነክሶ መታገስ ብቻ አይመስለኝም። ዳዊት ከቤቱ ይልቅ የቤቱን ጌታ ስለወደደ ነው።

ሉቃስ 19 ላይ ያለው ቀራጩ ዘኬዎስም እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያ ኢየሱስን በደስታ ተቀበለው። ከዚያ ስጥ ሳይባል ግማሽ ሀብቱን ለድሆች እሰጣለሁ አለ። አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ያለው ሀብታም ግን ሽጥና ስጥ ተብሎ እጅግ አዘነ።

እኔም የጸሎት ደብተር ነበረኝ። በየማለዳው የመጀመሪያው መስመር ያው ነበር፤ አንድ በጣም የምመኘው የአገልግሎት ቦታ። ተጭኜ ስለምጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ይበሳው ነበር። ቦታው ለሌላ ወንድም ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ለመለመን አቅም ስላጣሁ ለወራት ቁጭ ብዬ መዝሙር ብቻ አነብ ነበር። አንድ ቀን ደብተሩን ወደ ኋላ ስገልጥ የዚያን ወንድም ስም አየሁ። በእኔው እጅ ጽሑፍ፣ «ጌታ ሆይ አበርታው» ይላል። መቼ እንደጻፍኩት አላስታውስም። ልቤ የተለወጠው እኔ ሳላየው ነው።

ታዲያ ባል ይሰጥሻል? ይህን ቃል ልገባልሽ አልችልም። ይህን ግን አውቃለሁ፤ ምሳሌ 27፥7 ለተራበች ነፍስ የመረረው ሁሉ ይጣፍጣታል ይላል። 6 ዓመት የጠበቀ ሰው የማይሆነውንም ሰው «ይሁን» ብሎ ሊቀበል ይችላል። በጌታ የጠገበች ነፍስ ግን ትመርጣለች። እንቢ ማለትም ትችላለች። ላንቺ በጣም የምፈልገው ይህንን ነው።

ደስታን በግድ አታምጪው፣ አታስመስዪ። የከፋሽ ቀን መዝሙር 13ን ጸልዪ፤ ዳዊት «እስከ መቼ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሌላ ቀን፣ ከመለመንሽ በፊት መዝሙር 103ን ቀስ ብለሽ አንብቢ። ስለ እግዚአብሔር ማንነት አንድ ነገር ያዢና እሱን አመስግኚ። ለመቸኮል ምንም ምክንያት የለም። ከዚያ ትዳሩን ለምኚ፤ አትፈሪ።

በሚቀጥለው ሰርግ ደግሞ ትንሽ ቆዪ። ሙሽራዋን አቅፈሽ በጆሮዋ ባርኪያት። እንባሽ ከመጣም ይምጣ።