ቺፑ ከቦርዱ ሳይነቀል
አዳማ ውስጥ ቦርድ እጠግናለሁ። የፕሮግራም ማስገቢያ ሶኬት ስለሌላቸው ቦርዶች የጠየቃችሁኝን እነሆ መልሻለሁ።

ጋሼ፣ ቦርዱ ላይ አትሜጋ 328ፒ የሚባል ፕሮግራም የሚይዝ ቺፕ ተበይዷል፤ በሞቀ አየር ልንቀለው?
ተው ልጄ! ስድስት ሽቦ ይበቃሃል፦ ኃይል፣ ግራውንድ፣ ሞሲ (መረጃ ወደ ቺፑ የሚገባበት)፣ ሚሶ (ከቺፑ የሚወጣበት)፣ ኤስሲኬ (የፕሮግራመሩ ምት የሚያልፍበት) እና ሪሴት (ቺፑን እንደገና የሚያስነሳው)። በጠፍጣፋው ባለ 32 እግር ቺፕ ላይ ሞሲ 15ኛው፣ ሚሶ 16ኛው፣ ኤስሲኬ 17ኛው፣ ሪሴት 29ኛው እግር ነው። እግሩ ላይ ግን አትበይድ፤ ከጎረቤቱ ጋር ታጣብቀዋለህ። መስመሩን በቴስተር ተከተልና የሚያልፍበትን ሬዚስተር ጫፍ ያዝ። ከተቃጠለ ትራንስፎርመር የሚፈታ ቀጭን ሽቦ፣ ቫርኒሹ ከጫፉ ከተፋቀ፣ ለዚህ ሥራ ግሩም ነው። ፕሮግራመር፣ ማለትም ፕሮግራሙን ከኮምፒውተር ወደ ቺፑ የሚያስገባው መሣሪያ፣ ከሌለህ አርዱኖ ኡኖ የሚባለው ቦርድ ይተካልሃል፤ የሚሰጠው 5 ቮልት ስለሆነ ግን በ3.3 ቮልት ለሚሠራ ቦርድ አይሆንም።

ሁሉንም አገናኝቼ ኮምፒውተሩ ቺፑን አላየሁትም ይላል።
እህቴ፣ መጀመሪያ ግራውንዱን እዪ። እኔ እሱን ረስቼ ግማሽ ቀን ቺፑን ስረግም ውያለሁ። ቀጥሎ ፍጥነቱን ቀንሺ፦ አዲስ አትሜጋ ከፋብሪካ ሲወጣ በ1 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው፤ የፕሮግራመሩ ምት ደግሞ ከዚያ ሩብ፣ ማለትም ከ250 ኪሎኸርዝ በታች መሆን አለበት። አሁንም እንቢ ካለ፣ በሪሴት መስመር ላይ ትልቅ ካፓሲተር ወይም በሞሲና በሚሶ ላይ የሚጋራ ሌላ ቺፕ ይኖራል። እሱን ለጊዜው ከመስመሩ ለዪው።

ዋይፋይ ያለው ቺፕ ኢኤስፒ8266ስ?
ቀላል ነው። ጂፒአይኦ 0 የሚባለውን እግር ከግራውንድ አገናኝተህ ኃይል ስጠው፤ ከዚያ በቲኤክስ (መላኪያ) እና በአርኤክስ (መቀበያ) መስመሮች ፕሮግራሙን ጫን። 3.3 ቮልት ብቻ!

ኤስቲኤም32 የሚባለው ቺፕ ያለባቸው ሃምሳ ቦርዶች አሉኝ፤ ሁሉንም ልበይድ?
ዓይንህ ይጠፋል። ፕሮግራም በሚገባባቸው በፒኤ13 እና በፒኤ14 መስመሮች ላይ የፍተሻ ነጥብ ካለ፣ በስፕሪንግ የሚገፉ መርፌዎችን በእንጨት ላይ ደርድርና እየጫንህ ሥራ።

ደንበኛ የተቆለፈ ቦርድ አምጥቶ ፕሮግራሙን ቅዳልኝ አለኝ።
አይሆንም በለው። በብዙዎቹ ኤስቲኤም32 ቺፖች ፕሮግራሙ እንዳይነበብ የሚከለክለው የመጀመሪያው ደረጃ ቁልፍ ሲነሳ ፕሮግራሙም አብሮ ይጠፋል፤ አትሜጋም ቁልፉን የሚፈታው ሁሉንም አጥፍቶ ነው። የምትመልሰው ፋይል በእጅህ ከሌለ አትንካው።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቦርድ ነው፤ መብራት ላይ ሰክቼ ልጫን?
በፍጹም! በብዙዎቹ ላይ የቦርዱ ግራውንድ በቀጥታ ከመብራት መስመር ጋር የተያያዘ ነው፤ ፕሮግራመሩን ስታገናኝ ኮምፒውተርህም አንተም መስመሩ ውስጥ ትገባላችሁ። ንቀለው፣ ትልቁ ካፓሲተር እስኪለቅ ጠብቅ፣ በቴስተር አረጋግጥ፤ ለቺፑ የሚበቃውን ኃይል ከፕሮግራመሩ ስጠው።