መጀመሪያ ማንሆሉን ክፈቱ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን አዘውትሬ አነባለሁ። እኔና አራት ጓደኞቼ ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ፣ ወደ ዓባይ የሚያዘቀዝቅ አንድ አሮጌ የጨርቅ ማቅለሚያ ግቢ ልንከራይ እየተነጋገርን ነው። ሥራ ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሦስት አዳራሾች፣ የቦይለር ቤትና ሰፊ ባዶ መሬት አለው። ከፋፍለን ለሸማኔዎች፣ ለእንጨት ሠራተኞች፣ ለእንጀራ ጋጋሪዎችና ለዓሣ አዘጋጆች ልናከራየው አስበናል። ሶላር እንገጥማለን፤ ስሙንም «አረንጓዴ የንግድ መንደር» እንለዋለን። አንዱ ጓደኛችን «አዳራሾቹን አፍርሰን በአዲስ እንሥራ» ይላል። ሌላው «ባሕር ዛፍ ከተከልን መሬቱ ውስጥ ያለውን መርዝ ይመጥጥልናል» ባይ ነው። ከየት እንጀምር?
ግራ የገባን፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ልጆቼ፣ ሐሳባችሁን ወድጄዋለሁ። ገና አለመፈረማችሁን ደግሞ የበለጠ ወደድኩት። ስሙን ግን ለጊዜው አቆዩት።

እኔ የሥራ ዘመኔን ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ የጨረስኩ ሴት ነኝ። እንዲህ ያለ ግቢ ስገባ ዓይኔ ሕንፃው ላይ አያርፍም፤ መሬት መሬት ነው የማየው። ማቅለሚያ ማለት ውሃ ነዋ! ጥጥ ሲቀለም ጨው በኩንታል ይገባል፣ ኮስቲክ ሶዳ ይገባል። ለርካሹ ጥቁር ቀለም ደግሞ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት ሰልፋይድ አለ። ጨርቁ ከቀለሙ የሚይዘው ከፊሉን ነው፤ ጨው ግን እንዳለ ተመልሶ ይወጣል። ወዴት ነበር የሚወጣው? ጥያቄያችሁ ከዚህ ይጀምር።

ባሕር ዳርን ከተማ ያደረጋት ኢንዱስትሪ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተቋቋመ። ፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ በ1955 ተከፈተ፣ የጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ በ1956 መጣ። በዚያ ዘመን በየትም አገር ማቅለሚያ ቤት ውሃ ዳር ይሠራ የነበረው ለመቅዳትም ለመድፋትም ስለሚመች ነው።

ስለዚህ በበጋ፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ፣ ማንሆሎቹን ሁሉ ክፈቱ። ክዳናቸው ዝጎ እምቢ ካለ ዲጂኖ ያዙ። ጭንቅላታችሁን ግን አታስገቡ፤ ለዓመታት የተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ጋዝ ሰው ይገድላል። ከዚያ በርሜል ሙሉ ውሃ ላይ የምግብ ቀለም በጥብጡና አዳራሹ ውስጥ ባለው ቦይ ልቀቁት። በየማንሆሉ አንድ አንድ ሰው ይቁም። የት ብቅ አለ? የት ጠፋ? ገብቶ ያልወጣበት ቦታ ቱቦው የተሰበረበት ነው፤ ምልክት አድርጉበት። የድሮ ካርታ ፍለጋ ከምትንከራተቱ ደግሞ እዚያ ይሠራ የነበረ ቧንቧ ሠራተኛ ወይም ዘበኛ ፈልጉና ቡና ጋብዙት። ከካርታው የበለጠ ያውቃል።

ምልክት ያደረጋችሁበት ቦታ፣ የቦይለሩ ነዳጅ ታንከር ሥርና የኬሚካል መጋዘኑ በር ላይ አንድ ሁለት ሜትር አስቆፍሩ። ከየጉድጓዱ አፈር ወስዳችሁ ላቦራቶሪ አስመርምሩ፤ ጨዋማነቱን፣ ክሮሚየም የሚባለውን መርዘኛ ብረት፣ የነዳጅ ቅሪቱን። አፈሩ ጥቁር ከሆነ በበጋ እንደሚሰነጠቅ አትርሱ፤ የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ከታች በኩል የጉድጓድ ውሃ የሚቀዱ ቤቶች ካሉ የእነሱም ይመርመር። ውጤቱን ከውሉ ጋር አያይዙት። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው ማጽጃውን ይከፍላል። እናንተ ከመግባታችሁ በፊት ምን እንደነበረ ወረቀት ከሌላችሁ ግን ክርክሩ የእናንተ ይሆናል።

ጀርመን አገር ዱይስቡርግ የሚባል ከተማ በ1985 የተዘጋ ብረት ማቅለጫ አለ። ዛሬ መናፈሻ ነው፤ ጋዝ ማጠራቀሚያው ውሃ ተሞልቶ ሰዎች ይጠልቁበታል። ሁሉም የሚያየው ፎቶውን ነው። በዚያ አካባቢ የሚያልፈው የኤምሸር ወንዝ ግን ለመቶ ዓመት ያህል ክፍት የፍሳሽ ቦይ ነበር። ፍሳሹን ከወንዙ ለይተው ከመሬት በታች በቱቦ ለማስኬድ ከ1992 እስከ 2021 ለፍተዋል፤ ከ5 ቢሊዮን ዩሮ በላይም ወጥቶበታል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የእናንተም ዋናው ሥራ ከመሬት በታች ነው።

አፍርሱ ለሚለው ጓደኛችሁ፦ ተው በሉት። ሲሚንቶውም ብረቱም አንዴ ተቃጥሎ የተሠራ ነው፤ አፍርሶ እንደገና መግዛት ምኑ አረንጓዴ ነው? እነዚያ ጣሪያቸው የመጋዝ ጥርስ የመሰለ አዳራሾች ከሆኑ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። መስኮቶቻቸው ወደ ሰሜን ስለሚያዩ ቀን መብራት አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፦ ባሕር ዳር ላይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ግንቦት ላይ ሸማኔው ክሩ ላይ ፀሐይ ወጋኝ ቢላችሁ አትገረሙ፤ መስታወቱን ኖራ ቀቡት። ክረምቱ አጥቦ ይወስደዋል።

ጣሪያው ኤተርኒት፣ ማለትም የሲሚንቶ ክዳን፣ ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። የድሮው ኤተርኒት አስቤስቶስ የሚባል፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን አለበት። የቦይለሩ ቱቦ ላይ የተጠቀለለው ነጭ ነገርም እንደዚሁ ሊሆን ይችላል። አይጋዝ፣ አይሰበር፣ በደረቁ አይጠረግ፤ የሚያውቅ ባለሙያ ይንካው። የአሮጌውን ትራንስፎርመር ዘይትም፣ መርዝ ሊኖርበት ይችላልና፣ ሳታስመረምሩ ለበያጆች እንዳትሸጡ።

ሶላሩን አልጠላሁትም፣ ይቆይ እንጂ። መጀመሪያ አሸንዳ ግጠሙ። እዚህ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። አንድ ሺህ ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይሰጣል። አብዛኛው በክረምት ስለሚወርድ ታንከር ይፈልጋል፤ ወጪው ያለው እዚያ ላይ ነው። ይህ ውሃ ካልተያዘ ግቢውን አጥቦ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ዓባይ ይገባል።

ባሕር ዛፉ ውሃውን ይመጥጣል፣ መርዙን ግን አይመጥጥም። ክሮሚየም በዛፍ አይጸዳም። የተበከለው ቦታ ትንሽ ከሆነ አፈሩ በፈቃድ ተቆፍሮ ይውጣ፤ ሰፊ ከሆነ ዝናብ እንዳያገኘው ይሸፈንና መኪና ማቆሚያ ይሁን። አፈሩ እንዳይሸረሸር ቁልቁለቱ ላይ ቬቲቨር የሚባለውን ሥሩ ጥልቅ ሣር ትከሉ። ጓሮ አትክልት ግን እዚያ አይታሰብም።

ተከራዮቹን ስታደላድሉ ዓሣውን ቁልቁለቱ ላይ፣ ከሁሉ በታች አድርጉት፤ የራሱ የስብ ወጥመድና ሴፕቲክ ይኑረው። የአምባዛና የቆሮሶ ሆድ ዕቃ ቦይ ውስጥ ከገባ እምቦጭ መቀለብ ነው። ከሰጋቱራ ጋር ከተብላላ ግን ማዳበሪያ ይወጣዋል። የቀረውን ሰጋቱራ ጋጋሪዎቹ ያነዱታል፤ የጥሬ እንጨት ከሆነ ብቻ። የቺፕውድና የቀለም ፍርፋሪ የተቀላቀለበትን ምጣድ ሥር አያስገቡት፤ ጭሱ መርዝ ነው። ስለዚህ የእንጨት ቤቱ ከመጀመሪያው ቀን ሁለት የተለያዩ ጆንያዎች ይያዝ፣ ኪራይ ውሉም ላይ ይጻፍ። «በኋላ እናስተካክላለን» ካላችሁ አንዴ ከገቡ ማን ይሰማችኋል?