የአንባቢያን ጥያቄ፦ ባሕረ ሐሳብ፣ ጸበልና ቢግ ባንግ

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ የ2019 ዓ.ም. ፋሲካን በባሕረ ሐሳብ (በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር) ሳሰላ ሚያዝያ 17 ይወጣልኛል። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ግን 24 ነው ይላሉ። ፊዚክስ የሚማር ጓደኛዬ ደግሞ ጨረቃ የምትሞላው ሚያዝያ 12 ሌሊት ስለሆነ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ይለናል። ማንን ልመን?

መልስ፦ መምህርዎ ትክክል ናቸው፤ ጓደኛዎም ስለ ጨረቃዋ አልተሳሳተም። የእርስዎ ስሕተት አንዲት ቁጥር ላይ ነው።

5500 ላይ 2019 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ (ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) 7519 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜም 6 ትሆናለች። እዚህ ላይ ካልኩሌተር ያሳስታል፦ 1879.75 ይልና ብዙዎች ወደ 1880 ያጠጋጉታል። በባሕረ ሐሳብ ማጠጋጋት የለም፤ የሚፈለገው ቀሪው ነው። 7519 እና 1879 ተደምረው 9398፤ ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። ቀሪ 0 ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ እያልን ስንቆጥር መስከረም 1 ዓርብ ይውላል።

ቀጥሎ 7519 ለ19 ተካፍሎ 14 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ነው። አንድ ሲነሣለት ወንበር 13። 13 በ11 ሲባዛ 143፣ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴ፣ ማለትም የጨረቃ ትርፍ ቀን፣ 23። 13 በ19 ሲባዛ 247፣ በ30 ሲገደፍ የአጽዋማትና የበዓላት መነሻ የሆነው መጥቅዕ 7። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልመጡ ወደ ኋላ ተመልሰው ይፈትሹ። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ ስለዚህ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ ነው።

የዕለት ተውሳኩ (መጥቅዕ ለዋለበት ዕለት የሚደመረው ቁጥር) ከእሑድ 7 ተነሥቶ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5 እያለ ዓርብ 2 ይደርሳል። ቅዳሜ 1 መሆን ያለበት ይመስላል፤ ግን 8 ነው። እርስዎም 1 ደምረው ይመስለናል፤ 17 የመጣብዎት በዚያ ነው። 7 እና 8 ሲደመሩ መባጃ ሐመር 15፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ሰኞ ይገባል። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመርበት ሚያዝያ 24።

8 የሆነበት ምክንያት እጅግ ያማረ ነው። ጥቅምት 7 ላይ 190 ቀን ሲጨመር ሚያዝያ 17፣ እሑድ ይደረሳል፤ በስሌቱ ጨረቃ የምትሞላው ያን ዕለት ነው። ትንሣኤ ደግሞ ከሙላቷ ቀጥሎ ባለው እሑድ እንጂ በሙላቷ ዕለት አይከበርም። መጥቅዕ ቅዳሜ በዋለ ቁጥር ይኸው ስለሚገጥም ሊቃውንቱ አንድ ሳምንት ጨመሩበት።

ወደ ጓደኛዎ እንመለስ። ስሌቱ የቆመው 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወሮች ጋር እኩል ነው በሚለው ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር 19 ዓመት በአማካይ 6939 ቀን ከ18 ሰዓት ይሆናል፤ 235ቱ ወሮች ግን 6939 ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል ገደማ ናቸው። በየ19 ዓመቱ የምትቀረው አንድ ሰዓት ተኩል በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ትሞላለች። ፋሲካ በሁሉም ዘንድ በአንድ ቀን እንዲከበር ከወሰነው ከኒቅያ ጉባኤ (እ.ኤ.አ. 325) ወዲህ 17 መቶ ዓመት ስላለፈ የሰማይዋ ጨረቃ ከስሌቱ አምስት ቀን ያህል ትቀድማለች። ደመና ከሌለ ሚያዝያ 12 ማታ ደጅ ወጥታችሁ አብራችሁ እዩዋት። ይህን ልዩነት ከወጣቶች መሸሸግ አያስፈልግም። ባሕረ ሐሳብ የተሠራው ሰማይን ቀን በቀን ለመዘገብ አይደለም፤ ተራራና በረሃ የለያቸው አጥቢያዎች መልእክተኛ ሳይጠብቁ በአንድ ቀን ጾመው በአንድ ቀን እንዲፈስኩ ነው። ለዚያ ሥራው ዛሬም አንዲት ቀን አይስትም።

ጥያቄ (ከእንጦጦ)፦ እናቴ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ቤት ተከራይታ ጸበል እየተጠመቀች ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት ትወስዳለች። አብረዋት ያሉ ጸበልተኞች «መድኃኒቱን ካላቆምሽ እምነትሽ ጎዶሎ ነው» ይሏታል።

መልስ፦ እባክዎ አታቁም። ቤተ ክርስቲያንም አቁሙ አላለችም፤ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ በአደባባይ ተናግረዋል። መድኃኒቱ ቫይረሱን ያፍነዋል እንጂ ከሰውነት ጠርጎ አያወጣውም። ሲቋረጥ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይራባል፤ እየተቆራረጠ ሲወሰድ ደግሞ ይላመደዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የምርመራ ወረቀት ላይ ነው፦ «በደም ውስጥ አልታየም» የሚለው ውጤት መድኃኒቱ በደንብ እየሠራ ነው ማለት ነው፣ ቫይረሱ ጠፍቷል ማለት አይደለም።

በቀን አንዴ የሚዋጠውን፣ ዶሉቴግራቪር ያለበትን ክኒን ከሆነ የምትወስደው ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል። ማታ ብታደርገው ከጠዋቱ ጾምና ጥምቀት ጋር አይጋጭም። የብረት ወይም የካልሲየም እንክብል ባዶ ሆድ ላይ አብራ አትዋጥ፤ ዶሉቴግራቪሩን ከእነሱ 2 ሰዓት አስቀድማ ወይም 6 ሰዓት አሳልፋ ትውሰድ። የመዋጫ ሰዓቷን ከመቀየሯ በፊት መድኃኒት የሚሰጧትን ባለሙያ ታማክር። የኪራይ ክፍሎቹ ሰው ይበዛባቸዋል፤ ሳል ከጀመራት ሳትውል ሳታድር ለሳንባ ነቀርሳ ትመርመር።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ልጄ ቢግ ባንግ (ዩኒቨርስ ከአንድ መነሻ እየሰፋ መጣ የሚለውን ሐሳብ) ተምሮ መጣ። እምነቱን ይተው ይሆን?

መልስ፦ ዩኒቨርስ እየሰፋ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1927 በስሌት ያሳየው፣ በ1931 ደግሞ ሁሉም ከአንድ «ቀዳማዊ አቶም» ተነሣ ያለው ዦርዥ ሌሜትር ቤልጂየማዊ የካቶሊክ ካህን ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1951 ፓፓ ፒዮስ 12ኛ ግኝቱን ለፍጥረት ማስረጃ አድርገው ሲያቀርቡት ደስ አላለውም። በመለኪያ የሚፈተን ንድፈ ሐሳብ ነገ ሊሻሻል ስለሚችል እምነት እንዲደገፍበት አልፈለገም። ለልጅዎ ይህን ይንገሩት። እንጦጦ ላይ፣ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ቢወስዱት ጥሩ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን ደመናው ምንም አያሳይም፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ይምረጡ።